ምላጭን ስለሚወዱ ሰዎች ማኅበር

ሰው ከሰው ጋር የሚሰበሰብበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛው ልደት ነው፤ ከአንድ ዘር የተወለዱ፣ በአንድ ቀዬ ያደጉ ሰዎች ሳይጠራሩ ይሰበሰባሉ። ሁለተኛው ችግር ነው፤ እህል ደርሶ ዝናም ሲያስፈራ ወንፈል የሚጠራው፣ ሞት ሲመጣም ዕድር የሚሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ፍቅር ነው፤ ይኸውም ዘመድ ሳይሆኑ፣ ችግርም ሳያስገድዳቸው፣ አንድ ነገር ስለ ወደዱ ብቻ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ነው። ልደት የሰጠንን ማኅበር አልመረጥነውም፤ ችግር የሰጠንንም ብንችል እንሸሸው ነበር፤ ፍቅር የሰጠንን ግን መርጠን የገባንበት ስለ ሆነ እንጠየቅበታለን። ሰው ምን እንደ ወደደ ሲታወቅ እርሱ ማን እንደ ሆነ ይታወቃልና።

በዓለም ካሉት የፍቅር ማኅበሮች አንዱ የአሮጌ ምላጭ ወዳጆች ማኅበር ነው። በእንግሊዝና በጀርመን፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ፣ በጃፓንና በሌላውም አገር የሚኖሩ ሰዎች፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዱም ጡረተኛ ወታደር ሲሆኑ፣ አያቶቻቸው ጢማቸውን ይላጩበት የነበረውን ባለ እጀታ ምላጭ ይሰበስባሉ፤ የዛገውን ይጠግናሉ፤ የደነዘውን ይስላሉ፤ ስለ እርሱም እርስ በርሳቸው ይጻጻፋሉ። ብዙዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። በቋንቋም በሃይማኖትም አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ ብረት ብቻ ነው።

እንግዲህ በላስታ የሚኖር አንድ የተማረ ሰው የአያቱን ምላጭ ከሣጥን አውጥቶ፣ ዝገቱን ጠርጎ፣ በዚህ ማኅበር ልግባ ቢል ነገሩ የሚገባ ነውን? ወይስ ጊዜን በከንቱ ማጥፋት ነው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ላሊበላ አሮጌ ዕቃ የሞላባት፣ አሮጌ ዕቃ የሚወዱ ሰዎችም ከሩቅ አገር የሚመጡባት ከተማ ስለ ሆነች፣ ዕቃን መውደድ ምን ሲሆን ደግ፣ ምን ሲሆን ክፉ እንደሚሆን መመርመር ለእኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ያስፈልገናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከት፤ የውጭውን አገር ታሪክ በኤውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በአገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

የምንናገርለት ምላጭ ዛሬ በየሱቁ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ስሱ ምላጭ አይደለም። ስለቱ ከአረብ ብረት ተቀጥቅጦ፣ በእሳት ግሎ፣ ከዚያም ቀዝቅዞ የጠነከረ ነው፤ ጎንና ጎኑ በሚዞር ድንጋይ ተፍቆ የሳሳ፣ ጀርባው ግን ወፍራም ነው። እጀታው ከቀንድ ወይም ከአጥንት ወይም ከእንጨት ይሠራል፤ ስለቱም ሲታጠፍ በእጀታው መካከል ይሸሸጋል። ጌታው በየጊዜው በደንጊያ ይስለዋል፤ በተላጨ ቁጥርም አስቀድሞ በጠፍር ላይ ያመላልሰዋል። በደንብ የያዘው ሰው ዕድሜውን ሁሉ ተላጭቶበት ለልጁ ያወርሰዋል።

በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ፣ በጀርመን አገር ዞሊንገን። በሼፊልድ የቢላዋና የምላጭ ሠሪዎች ማኅበር በ1624 ዓመት በፓርላማ ሕግ ጸድቆ ቆመ፤ ከሥራዎቹም አንዱ የየሠሪውን ምልክት በመዝገብ መጻፍና መጠበቅ ነበር። በዞሊንገን ጴጥሮስ ሄንክልስ የተባለ ሠሪ በ1731 ዓመት የመንታ ልጆችን ሥዕል ምልክቱ አድርጎ በከተማው ሠሪዎች ማኅበር አስመዘገበ፤ ያ ምልክት እስከ ዛሬ ድረስ በብረት ላይ ይታተማል። በ1938 ዓመትም የጀርመን መንግሥት የዞሊንገን ስም በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ባልተሠራ ስለት ላይ እንዳይታተም በሕግ ከለከለ። ከዚህ የምንረዳው በዚያ አገር ሠሪው በሠራው ዕቃ ላይ ስሙን መጻፍ እንደማያሳፍረው፣ ሌላውም ሰው ያንን ስም እንዳይሰርቀው ሕግ ይጠብቀው እንደ ነበረ ነው።

ከዚህ በኋላ የምላጩን ዘመን የሚያሳልፍ ነገር መጣ። ጂሌት የሚባል አሜሪካዊ ስለቱ ሲደነዝ ተጥሎ በሌላ የሚተካ ምላጭ አሰበና በ1901 ዓመት ኩባንያ አቋቋመ። በ1903 ዓመት መሸጥ ሲጀምር የሸጠው 51 መላጫና 168 ስለት ብቻ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ መላጫ ገዛ፤ ወታደሮቹም ወደየቤታቸው ሲመለሱ ልማዱን ይዘውት ገቡ። አሮጌው ምላጭም ከጢም ላይ ወርዶ ወደ ሣጥን ገባ። እንግዲህ ማኅበርተኞቹ የሚወዱት ዘመኑ ያለፈበትን ዕቃ ነው።

ስለዚህ ማኅበር ሦስት ዐይነት ነቀፌታ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው ነቃፊ እንዲህ ይላል፤ ብረት ብረት ነው፤ ሰው ልቡን ለብረት መስጠት አይገባውም። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፤ መቶ ምላጭ ያለው ሰው አንድ ጢም ብቻ ስላለው ዘጠና ዘጠኙን ያለ ሥራ ያስቀምጣል፤ ይህም ስስት ነው። ሦስተኛውም እንዲህ ይላል፤ በዕቃ ምክንያት የተዋወቁ ሰዎች ወዳጅነታቸው የዕቃውን ያህል ነው፤ ማኅበር መባልም አይገባውም። ሦስቱም ነቀፌታዎች እውነት አለባቸው፤ ነገር ግን ሦስቱም ሙሉ እውነት አይደሉም።

ለመጀመሪያው ነቃፊ የምንመልሰው ይህ ነው። ምላጭን በእውነት የሚወድ ሰው በምላጩ ላይ አይቆምም። ከእነዚያ ማኅበርተኞች አንዱ አሮጌ ምላጭ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን አይደለም፤ ይህን ማን ሠራው? በየትኛው ከተማ? በየትኛውስ ዘመን? ብሎ ይጠይቃል። ምልክቱን በማጉያ መስተዋት ያነብባል፤ የሠሪውን ስም ከአሮጌ መዝገብ ይፈልጋል። ባላገኘውም ጊዜ ለሌላው ማኅበርተኛ ይጽፍለታል። ስለዚህ ፍቅሩ ከብረቱ ተነሥቶ ወደ ሠሪው እጅ ይሄዳል። ፍቅር ከዕቃው ወደ ሰው ያለፈ እንደ ሆነ ትምህርት ነው፤ በዕቃው ላይ የቀረ እንደ ሆነ ግን ነቃፊው እንዳለው ነው።

ወደ ሠሪው እጅ የሚሄድ ሰውም ደስ የሚያሰኘውን ብቻ አያገኝም። ቤንጃሚን ሃንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ በ1740 ዓመት ገደማ በሼፊልድ አጠገብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ አንጥሮ ከዚያ በፊት ያልታየ ጽኑ አረብ ብረት ሠራ። የከተማው ቢላዋ ሠሪዎች ግን ብረቱ እጅግ ጠነከረብን ብለው አልገዛም አሉት፤ እርሱም ለፈረንሳዮች ሸጠው። ፈረንሳዮቹ በእርሱ ብረት ያማረ ስለት ሠርተው ወደ እንግሊዝ በላኩ ጊዜ የሼፊልድ ሰዎች ደንግጠው ተመለሱ፤ የከተማቸውም ክብር ከናቁት ሰው እጅ መጣላቸው። ደግሞ በዚያችው ከተማ በሚዞረው ድንጋይ ላይ ስለት የሚስሉ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም በደረቅ ድንጋይ የሚሠሩት አቧራውን ሲስቡ እየዋሉ ሳንባቸው ታሞ በጎልማሳነታቸው ይሞቱ ነበር፤ የዘመኑም ሐኪሞች ስለዚህ ነገር ጽፈዋል። በቋንቋችን ብረት የሚስለውም ሰው ሳለ ይባላል፤ ሳል የያዘውም ሰው ሳለ ይባላል። በግእዝ ሁለቱ ልዩ ልዩ ናቸው፤ የፊተኛው ሰሐለ፣ የኋለኛው ሰዐለ ነው፤ አማርኛ ግን ፊደላቸውን ውጦ አንድ አድርጓቸዋል። ለሼፊልድ ሳይ ሁለቱ በአንድ ሰውነት ላይ ተገናኙ። ምላጩን የወደደ ሰው ይህን ካላወቀ ግማሹን ብቻ ወዷል።

አሁን ፊታችንን ወደ አገራችን እንመልስ። በላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ተራራ ዓለት ተፈልፍለው ቆመዋል። በ1978 ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፏቸዋል። ገድለ ላሊበላ ሰዎች ቀን ሲሠሩ መላእክት ሌሊት እንደ ረዷቸው ይተርካል። የቀኑን ሥራ የሠሩት ሰዎች ግን በእጃቸው ብረት ይዘው ነበር፤ የመሮው ዱካም በግድግዳው ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ያንን መሮ በወናፍ እሳት አግሎ፣ በመስፍ ላይ ቀጥቅጦ፣ በደነዘም ቁጥር መልሶ የሳለ ባለእጅ ነበረ። ዓለት ብረትን ፈጥኖ ያደነዝዛልና የሳዩ ሥራ ከፈልፋዩ ሥራ ያነሰ አልነበረም። የንጉሡ ስም በከተማው ላይ ተጽፏል። የባለእጁ ስም ግን በየትም አልተጻፈም።

ስሙ ያልተጻፈው ጸሐፊ ጠፍቶ አይደለም፤ ባለእጅን የመናቅ ልማድ ስለ ነበረን ነው። ማረሻውን ቀጥቅጦ የሚሰጠንን፣ ማጭዱንና ምሳሩን የሚስልልንን ሰው ቡዳ ነው ስንል፣ ልጃችንን ለልጁ አንሰጥም ስንል ኖረናል። እህሉን ስንበላ ማረሻውን ባርከን ማረሻ ሠሪውን ረገምን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን፣ ሸማኔንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከየመንደሩ ጨርሶ አልወጣም። እንግዲህ የባዕድ አገር ሰው በአሮጌ ምላጭ ላይ የተጻፈውን የሠሪ ስም በማጉያ መስተዋት ሲፈልግ እኛ እንስቅበታለንን? እርሱ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት የሆነውን ሠሪ ያከብራል፤ እኛ በቅዳሜ ገበያ ማጭድ ዘርግቶ የተቀመጠውን ሠሪ ስሙን አንጠይቅም። በዚህ ነገር ሊታፈርበት የሚገባው የእርሱ ፍቅር ሳይሆን የእኛ ንቀት ነው።

ሁለተኛው ነቃፊ ያነሣው ነገር ከመጀመሪያው ይከብዳል። መቶ ምላጭ ሰብስቦ ማስቀመጥ ስስት አይደለምን? ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ቃል በቋንቋችን አለ፤ እርሱም ስለት ነው። ስለት አንደኛው የምላጭ አፍ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ለእግዚአብሔር ወይም ለቅዱሳን እሰጣለሁ ብሎ የሚናገረው ቃል ነው፤ በልደት ቀን ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ሕዝብ ስለት ይዞ ይመጣል። ይህም እንደ ፊተኛው ነው፤ የምላጩ ከሰሐለ፣ የቃሉም ከሰአለ ወጥቶ በአማርኛ ተገናኝተዋል። በቃል ብቻ ሳይሆን በጠባይም ይገናኛሉ። የምላጭ ስለት ዛሬ ተስሎ ለዓመት አይበቃም፤ ካልተጠበቀ ይዝጋል። የተሳሉትም ቃል ካልተፈጸመ ዕዳ ይሆናል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። አሮጌ ዕቃ የያዘ ሰው ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ባለ ስለትም ነው። ያ ዕቃ ከእርሱ በፊት የሌላ ሰው ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ የሌላ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃውን ሲቀበል ሦስት ነገር እንደ ተሳለ ይቈጠራል፤ እንዳይጠፋ ሊጠብቀው፣ ከየት እንደ መጣ ሊያውቅ፣ በመጨረሻም ለሚገባው ሊያስረክብ። ይህን የፈጸመ ሰው ምላጩ መቶም ቢሆን ስስታም አይባልም፤ አደራ ጠባቂ ነው። ይህን ያልፈጸመ ግን አንድም ምላጭ ቢኖረው ዕዳ አለበት።

ምሳሌ እንስጥ። በሼፊልድ ከተማ ኬን ሐውሊ የሚባል የመሣሪያ ነጋዴ ነበረ። የከተማው አሮጌ የብረት ሥራ ቤቶች አንድ ባንድ ሲዘጉ ባየ ጊዜ፣ ሊጣሉ የነበሩትን መሣሪያዎች፣ ቢላዋዎችና ምላጮች በብዙ ዓመት ሰበሰበ። መሣሪያውን ብቻ አልወሰደም፤ ሽማግሌ ሠራተኞቹን እየጠየቀ መሣሪያው እንዴት እንደ ተሠራና ምን ይሠራበት እንደ ነበረ መዘገበ። ከዚያ በኋላ ስብስቡ ለሕዝብ ሆነ፤ ዛሬ በሼፊልድ ኬልሃም ደሴት በሚባለው ሙዚየም ይገኛል። ይህ ሰው በ2014 ዓመት ሲሞት ለከተማው የተወው ብረት ብቻ ሳይሆን የከተማውን እጅ ዕውቀት ነው። ይህ የተፈጸመ ስለት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ ላሊበላ ታውቀዋለች። በቤተ መድኃኔ ዓለም የነበረው አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ተሰረቀ። ያ መስቀል ካህናት በሽተኛን ይዳስሱበት፣ ተሳላሚም ይባረክበት የነበረ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በ1993 ዓ.ም. ከቤልጅግ አገር ከአንድ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ወጥቶ ተመለሰ፤ ከተማውም በእልልታ ተቀበለው። እንግዲህ አስተውሉ፤ መስቀሉ በሰብሳቢው ቤት ሳለ አልተሰበረም፤ አልቀለጠም፤ ምናልባትም ከዚህ በተሻለ ሣጥን ተቀምጦ ይሆናል። የጐደለው ነገር ምንድር ነው? በሽተኛው ሲመጣ አላገኘውም። ከሥራው የተለየ ዕቃ ምንም ቢጠበቅ እንደ ታሰረ ሰው ነው።

እንደዚሁም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር የአምባውን ዕቃ ዘርፎ በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ሸጠው፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሰው ከጦሩ ጋር መጥቶ ስለ ነበር ከገዢዎቹ አንዱ እርሱ ሆነ። በዚያ ቀን የንጉሡ ጸጉር እንኳ ተቈርጦ ተወሰደ፤ በ1959 ዓመትም ከወሰደው ሰው ቤተ ሰብ ለለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተሰጠ። ይህ ጸጉር ወደ አገሩ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ምላጭ የሰው ጸጉር የሚያርፍበት ዕቃ ነው፤ የሰው ጸጉር ራሱ ግን ዕቃ አይደለም። ሰብሳቢ ይህን ድንበር ሲያልፍ ፍቅሩ ሰውን ወደ ዕቃነት ይለውጣል። የመጀመሪያው ፍቅር ከዕቃ ወደ ሰው ሄደ ብለናል፤ ይህኛው ከሰው ወደ ዕቃ ወረደ። የሁለቱ ሰብሳቢዎች ልዩነት ይህ ነው፤ በዕቃው ብዛትና በዋጋው ግን አይለያዩም።

ሦስተኛው ነቃፊ ማኅበር መባል አይገባውም ያለው ቀርቷል። እኛ የላስታ ሰዎች ማኅበር ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። በየወሩ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ጠላውንና ዳቦውን ያዘጋጃል፤ የተጣሉ ሳይታረቁ ጽዋ አይቀምሱም፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የሞተ ይቀበራል። ይህን ከመሰለ ማኅበር ጋር የምላጭ ወዳጆችን ማስተያየት አይገባም የሚል ሰው እውነት አለው። በጽሕፈት የሚተዋወቅ ሰው ሬሳህን አይሸከምም።

ነገር ግን ማኅበርን ማኅበር የሚያሰኘው ቅርብነት ብቻ ነውን? አዲስ ሰው አሮጌ ምላጭ ይዞ መሳል ባልሆነለት ጊዜ፣ ከእነዚያ ማኅበርተኞች አንዱ ምላጩን ተቀብሎ በደንጊያው ስሎ ይመልስለታል፤ ደንጊያውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ጠፍሩን እንዴት እንደሚወጥር ያስተምረዋል። የሐሰት ምልክት የታተመበት ምላጭ በገበያ ሲገኝ አንዱ ለሌላው ያስጠነቅቃል። ዕውቀቱን ደብቆ የሚይዝ ሰው በመካከላቸው አይከበርም። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰው በባልንጀራው እንደሚሳል በብረት መስሎ አስተምሯል፤ እነዚህ ሰዎች ምሳሌውን ቃል በቃል ይፈጽሙታል። የቅኔ ተማሪ ከዋድላ ወደ ጎንጅ ሲሄድ በዚያ ዘመድ የለውም፤ መምህሩም ጓደኞቹም እንግዶች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ቅኔው ብቻ ነው። ነገር ግን ያ ወዳጅነት ሐሰት ነው የሚል የለም። ስለዚህ የፍቅር ማኅበር ለልደት ማኅበር ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን በራሱ ቦታ እውነተኛ ማኅበር ሊሆን ይችላል። ክፋቱ የሚመጣው ሰው በሩቅ ያሉትን ማኅበርተኞች ይዞ የጎረቤቱን በር መርገጥ ሲተው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ መናገር ግድ ነው። አሮጌ ስለ ሆነ ብቻ ሁሉ ደግ አይደለም። ምላጭ በአገራችን ልጅን ቁንጮ አስቀርቶ ላጭቷል፤ ሐዘንተኛይቱ ሴት ራሷን ተላጭታበታለች። ነገር ግን ይኸው ምላጭ ሴቶች ልጆችን ገርዟል፤ የሕፃናትን እንጥል ቈርጧል፤ ብዙዎችንም ለሕመምና ለሞት አሳልፎ ሰጥቷል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ሴት ልጅን መግረዝ በቅጣት ይከለክላል፤ ሕጉም የዘገየ እንጂ የቸኰለ አይደለም። ደግሞ አንድ ምላጭ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር በደም የሚተላለፈውን በሽታ ይዞ እንደሚዞር ዛሬ ሁሉ ያውቃል። በዚህ በኩል ለየሰው አንድ ንጹሕ ስለት የሰጠው፣ ተጥሎ የሚተካው ርካሽ ምላጭ ምሕረት ሆኗል። ስለዚህ አሮጌውን የሚወድ ሰው አዲሱን ይናቅ ማለታችን አይደለም። አሮጌው ምላጭ የአንድ ጌታ ሲሆን ትዕግሥትን ያስተምራል፤ ለብዙ ሰው ሲውል ግን ያጠፋል። ዕቃውን የሚወድ ሰው የሠራውን ደግ እንደሚያውቅ የሠራውንም ክፉ ማወቅ አለበት።

እንግዲህ ለዚያ የላስታ ሰው ምን እንበለው? ዘመኑ ለእርሱ ከባድ መሆኑን አስቀድመን እናስብ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላስታ ከገባ ወዲህ፣ ከዚያም በኋላ በክልሉ ሰላም ከታወከ ወዲህ፣ የእንግዳ እግር ቀንሷል፤ በእንግዳ የሚኖረው ሕዝብ ተቸግሯል። የተቸገረ ሰው ሣጥኑን ሲከፍት የአያቱን ዕቃ እንደ እህል ያየዋል። በዚህ ጊዜ ከውጭ አገር ሰብሳቢ ጋር መተዋወቅ ለደግም ለክፉም በር ነው። ዛሬ ምላጭ የላከ እጅ ነገ ብራና ሊልክ ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ዕቃው ከወጣ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚደርሰው ኅሊና ብቻ ነው።

ስለዚህ በማኅበሩ ይግባ እንላለን፤ ነገር ግን በሦስት ነገር ተጠብቆ ይግባ። መጀመሪያ፣ ሻጭ ሆኖ ሳይሆን ተማሪና መምህር ሆኖ ይግባ። እነዚያ ሰዎች የሼፊልድንና የዞሊንገንን ምልክት ያስተምሩታል፤ እርሱም በተራው የእኛ ባለእጅ ወናፉን እንዴት እንደሚነፋ፣ ከአሮጌ ብረት ማጭድ እንዴት እንደሚያወጣ፣ በየትኛው ደንጊያ እንደሚስል ይንገራቸው። ባዶ እጁን የገባ ሰው በማኅበር ውስጥ ለማኝ ነው፤ ዕቃውን ሸጦ የገባ ነጋዴ ነው፤ ዕውቀት ይዞ የገባ ግን ማኅበርተኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ አይቀበል፤ አያቀብልም። ይህ ከየት መጣ? ማንስ ይፈልገዋል? ብሎ ይጠይቅ። ይህን ሁለት ቃል የቤልጅጉ ሰብሳቢ ቢጠይቅ ኖሮ መስቀሉ አራት ዓመት በስደት ባልኖረም ነበር።

ሦስተኛ፣ የሩቁን ሠሪ ስም ከመፈለጉ በፊት የቅርቡን ይጠይቅ። ቅዳሜ ወደ ገበያ ወርዶ፣ ማጭድና ቢላዋ ዘርግቶ ከተቀመጠው ባለእጅ ዘንድ ቆሞ፣ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ሥራውን ከማን እንደ ተማረ ይጠይቀው፤ የነገረውንም በመዝገብ ይጻፈው። እኛም ካህናት ብንሆን የከተማ ሰዎችም ብንሆን በዚህ ነገር ልንረዳው ይገባናል፤ ብዕርና ብራና በእጃችን ሲኖር የባለእጁን ስም ሳንጽፍ የቀረነው እኛ ነንና። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የውጭ አገር ፈቃድም አያስፈልገውም። ሰውየውም ምናልባት ስሙን ስንጠይቀው ይደነግጥ ይሆናል፤ እስከ ዛሬ ስለ ማጭዱ ዋጋ እንጂ ስለ ስሙ የጠየቀው ሰው የለምና።